በሰው አገር ከተማ ቤት መግዛት
በቶኪዮ የጋራ ሕንፃ ውስጥ ቤት የሚገዛ የውጭ አገር ሰው የሚገዛው ምን እንደ ሆነ

ምግብ፥ ልብስና ቤት የሰው ልጅ ሦስቱ ዋና ፍላጎቶች መሆናቸውን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ምግብና ልብስ በየትም አገር በገንዘብ የሚገኙ ሲሆኑ፥ ቤት ግን በሰው አገር ለሚኖር ሰው ገንዘብ ይዞም የሚታጣበት ጊዜ አለ። የጃፓን የፍትሕ ሚኒስቴር በ2016 ዓመት በአገሩ የሚኖሩትን የውጭ አገር ሰዎች ባስጠየቀ ጊዜ፥ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ የኪራይ ቤት ከፈለጉት መካከል ከመቶ 39 ያህሉ የውጭ አገር ሰዎች በመሆናቸው ብቻ ቤት እንደ ተከለከሉ ተናግረዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

እንግዲህ በቶኪዮ ከተማ ሥራ ይዞ ልጆቹን የሚያሳድግ የውጭ አገር ሰው፥ በየሁለት ዓመቱ የኪራይ ውል ከማደስና ዋስ ከመለመን ይልቅ «የራሴን ቤት ልግዛ» ብሎ ቢያስብ የሚያስደንቅ አይደለም። ይሁን እንጂ የብዙ ዓመት ጥሪቱን በአንድ ቀን ከማውጣቱ በፊት የሚገዛው ምን እንደ ሆነ አጥርቶ ሊያውቅ ይገባዋል። ብዙ ሰው የሚገዛው ግድግዳና መስኮት ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን የሚገዛው ከግድግዳው ይልቅ ጎረቤቱን ነው። እንዴት እንደ ሆነም ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን አንድ ባልና ሚስት በአሳባችን እናቁም። ከኢትዮጵያ ሄደው በቶኪዮ የሚኖሩ፥ ሁለት ልጆች ያሏቸውና ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀሙ ይሁኑ። ሁለት ቤቶች አይተዋል፤ የሁለቱም ዋጋ እኩል 50,000,000 የን ነው። አንደኛው ከተሠራ 10 ዓመት የሆነው፥ በ14ኛው ደርብ ላይ ያለና ወንዙን ቍልቍል የሚያሳይ ነው። ሁለተኛው በ1990ዎቹ ዓመታት የተሠራ፥ በ4ኛው ደርብ ላይ ያለና መስኮቱ ወደ ጎረቤት ሕንፃ የሚመለከት ነው። ባል የወንዙን ቤት ወደደ። ሚስት ግን «የሕንፃውን የሒሳብ መዝገብ ሳናይ ቀብድ አንክፈል» አለች። ባልና ሚስቱ ለምሳሌ የቆሙ ናቸው፤ የሚገጥማቸው ጉዳይ ግን እውነተኛ ነው።

ማንሽን የሚባለው ቤት

በብረትና በሲሚንቶ የተሠራው ባለብዙ ደርብ መኖሪያ ሕንፃ በጃፓን «ማንሽን» ይባላል። ቃሉ ከእንግሊዝ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን በዚያ ትርጓሜው የባለጠጋ ትልቅ ቤት ማለት ነው፤ በቶኪዮ ግን ሁለትና ሦስት ክፍል ያለውን ጠባብ ቤትም በዚሁ ስም ይጠሩታል። እኛ በአገራችን ኮንዶሚኒየም የምንለው ነው።

ክፍሎቹ የሚለኩት ብዙ ጊዜ «ጆ» በሚባል ልክ ነው። 1 ጆ ማለት ታታሚ የሚባለው አንዱ የወለል ምንጣፍ የሚይዘው ቦታ ሲሆን፥ በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ ከ1.62 ካሬ ሜትር እንዳያንስ ተወስኗል። ገዢው ደግሞ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል። በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ከግድግዳው እምብርት ተነሥቶ የተለካ ነው፤ በመንግሥት መዝገብ የሚጻፈው ግን ከግድግዳው ወዲህ ያለው የውስጡ ስፋት ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ቤት በማስታወቂያው ሰፊ፥ በመዝገቡ ጠባብ ሆኖ ይገኛል። ይህም ማታለል ሳይሆን የሁለት አለካክ ልዩነት ነው። ነገር ግን አንዳንዱ የግብር ቅናሽ የሚታሰበው በመዝገቡ ልክ ስለሆነ፥ ልዩነቱን ያላወቀ ሰው በኋላ ያዝናል።

የዚህ ቤት ባለቤትነት የሚመራበት ሕግ የወጣው በ1962 ነው። በሕጉ መሠረት ገዢው የራሱ የሚሆነው በግድግዳው ውስጥ ያለው ክፍል ነው። ደረጃው፥ ጣራው፥ ምሰሶው፥ አሳንሰሩና የውሃው ዋና ቧንቧ ግን የባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ሀብት ናቸው፤ በመሬቱም ላይ እያንዳንዱ ድርሻ አለው። ከዚህም በላይ ቤት የገዛ ሰው ሁሉ፥ ወደደም ጠላም፥ የሕንፃው ባለቤቶች ማኅበር አባል ይሆናል። ከማኅበሩ ለመውጣት ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ቤቱን መሸጥ ነው።

ሰገነቱ እንኳ የብቻ አይደለም። ባለቤቱ ልብስ ቢያሰጣበትና ወንበር ቢያወጣበት ይችላል፤ ሕጉ ግን የጋራ ስፍራ አድርጎ ስለሚቈጥረው ሊዘጋውና ሊሠራበት አይፈቀድለትም። ምክንያቱም ቃጠሎ ቢነሣ ሰዎች የሚሸሹበት መንገድ ሰገነቱ ነውና ነው። በሁለት ጎረቤታሞች ሰገነት መካከል የቆመው ስስ መከለያ በአደጋ ጊዜ በእግር ተመትቶ እንዲሰበር ሆኖ የተሠራ ነው። በዚያ አጠገብ ዕቃ የሚከምር ሰው የራሱንም የጎረቤቱንም መውጫ ይዘጋል።

የኢትዮጵያ ቤተ ሰብ ደግሞ ሌላ የሚያስበው አለ። ቡና መቍላትና ዕጣን ማጤስ በየቤቱ ጣራ ከተተከለው የጢስ ጠቋሚ መሣሪያ ጋራ አይስማማም። ስለዚህ የሕንፃውን መተዳደሪያ ደንብ አስቀድሞ ማስነበብ ያስፈልጋል። ስለ ጢስ፥ ስለ ውሻና ድመት፥ ስለ ሙዚቃ መሣሪያና ለእንግዳ ቤት ስለማከራየት በዚያው ተጽፎ ይገኛል።

ሕጉ ለውጭ አገር ሰው የሚፈቅደውና የማይፈቅደው

ብዙ አገሮች የውጭ አገር ሰው ቤት ሲገዛ ይከለክሉታል፤ ወይም ከሕንፃው ይህን ያህል እጅ ብቻ ብለው ይወስኑበታል። ለምሳሌ በታይላንድ የውጭ አገር ሰዎች በአንድ የጋራ ሕንፃ ውስጥ ሊይዙ የሚችሉት ከጠቅላላው የቤቶች ስፋት ከመቶ 49 እጅ ድረስ ብቻ ነው። በጃፓን ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለም፤ የውጭ አገር ሰው ቤቱንም መሬቱንም እንደ አገሩ ተወላጅ በስሙ ሊያስመዘግብ ይችላል። በወታደር ሰፈሮችና በጠረፍ ደሴቶች አካባቢ ያለው መሬት እንዲጠበቅ በ2021 የወጣው ሕግም የአገሩን ሰውና የውጭውን ሳይለይ የሚሠራ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቤት መግዛት የመኖሪያ ፈቃድ አያሰጥም። ባለ ቤቱ የመኖሪያ ፈቃዱ ቢያልቅበትና ባይታደስለት፥ ቤቱ የእርሱ እንደ ሆነ ይኖራል፤ እርሱ ግን ከአገሩ ይወጣል። ስለዚህ ቤት ከመግዛት በፊት የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን ጉዳይ ማጽናት የቤተ ሰቡ የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ባንክም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። «ፍላት 35» የሚባለው፥ ወለዱ እስከ 35 ዓመት ድረስ ሳይለወጥ የሚቆየው የቤት ብድር፥ ከውጭ አገር ሰዎች መካከል የሚሰጠው የዘለቄታ የመኖሪያ ፈቃድ ላላቸው ነው። ከሌሎቹም ባንኮች ብዙዎቹ ይህንኑ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ፈቃዱ ለሌለው ሰው ከዋጋው ከፍ ያለውን እጅ በጥሬው እንዲከፍል አድርገው ያበድራሉ። ወለዱ በየጊዜው የሚለወጥ ብድር ለመጀመሪያው ዓመት ርካሽ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን የጃፓን ባንክ ከዜሮ በታች የነበረውን ወለድ በ2024 መጋቢት ወር ካነሣ ወዲህ፥ የዛሬው ወለድ የነገው ዋስትና እንዳልሆነ ሁሉም ተረድቶታል። ተበዳሪው ወለዱ ከፍ ቢል በወሩ ደመወዝ ሊችለው እንደሚችል አስቀድሞ ሊቈጥር ይገባዋል።

የግዢው ሥርዓት

ገዢው ቤቱን ከመረጠ በኋላ የመግዛት አሳቡን ጽፎ በደላላው በኩል ያቀርባል፤ ባንኩም ብድር ሊሰጠው መቻሉን ይመረምራል። ከውሉ በፊት ደግሞ በሕግ የታዘዘ አንድ ትልቅ ሥርዓት አለ። የመንግሥት ፈተና አልፎ ፈቃድ ያለው የቤትና የመሬት ሽያጭ ዐዋቂ፥ ወረቀቱን አሳይቶ፥ ስለ ቤቱ ዋና ዋና ነገሮች በጽሑፍ አዘጋጅቶ ለገዢው ያስረዳል። በቤቱ ላይ ዕዳ መኖሩን፥ የመሬቱ መብት የዘለቄታ ወይም የኪራይ መሆኑን፥ ወርኃዊው መዋጮ ስንት እንደ ሆነና ሌላውንም የሚገልጸው ያን ጊዜ ነው። ከ2020 ነሐሴ ወር ጀምሮ ቤቱ በጎርፍ ካርታ ላይ የት እንደሚገኝ ማሳየትም ግዴታ ሆኗል።

ይህ ገለጻ የሚደረገው በጃፓን ቋንቋ ነው። ሰው በገበያ የሚነጋገርበት ቋንቋ ለዚህ ጉዳይ አይበቃውም። ስለዚህ ጽሑፉን ከቀኑ በፊት ተቀብሎ፥ በሽያጩ ትርፍ የሌለው ዐዋቂ አስተርጓሚ ይዞ መቅረብ ብልኅነት ነው። ለመጠየቅ ማፈር ግን ጥሪትን ለዕጣ መጣል ነው።

ከዚያ በኋላ ውል ይፈረማል፤ ቀብድም ይከፈላል። ቀብዱ ብዙ ጊዜ ከዋጋው ከመቶ 5 እስከ 10 ነው። በ50,000,000 የን ቤት ላይ ከመቶ 10 ቢሆን 5,000,000 የን ማለት ነው። አንደኛው ወገን የውሉን ሥራ እስኪጀምር ድረስ፥ ገዢው ቢጸጸት ቀብዱን ትቶ ይሄዳል፤ ሻጩ ቢጸጸት የቀብዱን እጥፍ ከፍሎ ይወጣል። ባንኩ ብድሩን ቢከለክል ግን ውሉ ፈርሶ ቀብዱ እንዲመለስ የሚያደርግ አንቀጽ አለ። ይህ አንቀጽ በውሉ ውስጥ መጻፉንና እስከ ስንት ቀን እንደሚጸና ሳያረጋግጥ የሚፈርም ሰው፥ ቤትም ሳያገኝ ገንዘቡን ሊያጣ ይችላል።

ባለ ጉዳዩ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ያስመዘገበው ማኅተም ያስፈልገዋል፤ ነዋሪነቱ የተመዘገበ የውጭ አገር ሰውም ማኅተሙን ሊያስመዘግብ ይችላል። በመጨረሻው ቀን ገዢ፥ ሻጭ፥ ደላላና የምዝገባውን ጉዳይ የሚፈጽመው የሕግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በባንክ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ገንዘቡ ይተላለፋል፤ ቍልፉ ይሰጣል፤ በዚያው ቀን የስም ዝውውሩ ለመንግሥት መዝገብ ይቀርባል። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደ ተባለው፥ በመዝገቡ ያልተጻፈ ባለቤትነት ሌላ ሰው በተከራከረበት ጊዜ አይጸናም።

ከዋጋው በላይ የሚወጣው

በማስታወቂያው የተጻፈው ዋጋ የወጪው ሁሉ መጨረሻ አይደለም። ዋጋው ከ8,000,000 የን በላይ በሆነ ቤት ላይ ደላላው ከአንዱ ወገን ሊቀበል የሚችለው ከዋጋው ከመቶ 3 እና 60,000 የን ነው፤ ከዚህ እንዲያልፍ ሕግ አይፈቅድለትም። በዚያ ላይ ከመቶ 10 የፍጆታ ግብር ይጨመራል። ስለዚህ በ50,000,000 የን ቤት የድለላው ዋጋ ከነግብሩ እስከ 1,716,000 የን ይደርሳል። የውል ቴምብር፥ የምዝገባ ግብር፥ የሕግ ሰው ዋጋ፥ የብድር ወጪ፥ የእሳት ኢንሹራንስና ቤት ለገዛ ሰው አንድ ጊዜ የሚመጣው ግብር ሲደመሩ፥ ተሠርቶ በቆየ ቤት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከዋጋው ከመቶ 6 እስከ 8 ይሆናል። ጥሪቱን ሁሉ በዋጋው ላይ የጨረሰ ሰው ለዚህ የሚከፍለው ያጣል።

ከዚያም ወዲያ በየዓመቱ በጥር 1 ቀን የቤቱ ባለቤት ሆኖ በመዝገብ የተገኘ ሰው ግብር ይከፍላል። ልኩም መንግሥት በገመተው ዋጋ ላይ ከመቶ 1.4 ሲሆን፥ በቶኪዮ 23 ወረዳዎች የከተማ ፕላን ግብር ከመቶ 0.3 ይጨመርበታል። የቤት ዋጋ ራሱ ምን ያህል እንደ ተወደደ ለማስረዳት፥ በነዚሁ 23 ወረዳዎች አዲስ የተሠሩት ማንሽኖች አማካይ ዋጋ በ2023 ለመጀመሪያ ጊዜ ከ100,000,000 የን በላይ መሆኑን መጥቀስ ይበቃል።

የማኅበሩ ሣጥን

አሁን ሚስት ወደ ጠየቀችው መዝገብ እንመለስ። የማንሽን ባለቤት በየወሩ ሁለት መዋጮ ይከፍላል። አንዱ ለጽዳት፥ ለመብራት፥ ለአሳንሰርና ለጠባቂ የሚውለው ነው። ሁለተኛው ሕንፃው የሚታደስበትን ቀን እየጠበቀ የሚጠራቀመው የማደሻ ገንዘብ ነው። የአገሩ መንግሥት ባወጣው መምሪያ ትልቁ እድሳት በየ12 እስከ 15 ዓመት ይደረጋል፤ ያን ጊዜ ግድግዳው ይጠገናል፥ ጣራው ውሃ እንዳያስገባ ይለበጣል፥ ቧንቧውም ይመረመራል።

የአገራችን ሰው ይህን ነገር ለመረዳት አይቸገርም፤ ዕድር ያውቃልና። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። ነገር ግን ሃምሳው ሰው ድርሻውን ካልተሸከመ፥ ሸክሙ በጥቂቶቹ ላይ ይወድቃል።

ባልና ሚስቱ የሁለቱን ሕንፃዎች መዝገብ አስመጥተው ተመለከቱ። የወንዙ ቤት የማደሻ መዋጮ በወር 5,000 የን ብቻ ነው፤ የሁለተኛው 18,000 የን ነው። ልዩነቱ በወር 13,000፥ በዓመት 156,000 የን ይሆናል። ባል ይህን ባየ ጊዜ የወንዙ ቤት ርካሽ መሆኑ የተገለጠ መሰለው። ሚስት ግን የሚቀጥለውን ገጽ ገለጠች። የወንዙ ቤት ትልቅ እድሳት ሊደረግለት ጥቂት ዓመት ቀርቶታል፤ በሣጥኑ ያለው ገንዘብ ግን ለግማሹ እንኳ አይበቃም። ከ3 ዓመት በኋላ መዋጮው በብዙ እጥፍ እንዲያድግ በዕቅዱ ተጽፏል። እንዲህ ያለው ነገር በምሳሌ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ አዲስ ቤት ቶሎ እንዲሸጥ መዋጮውን በመጀመሪያ ዝቅ አድርጎ፥ ኋላ ደረጃ በደረጃ ከፍ ማድረግ በጃፓን የተለመደ አሠራር ነው።

ሌላም አደጋ አለ። የቀድሞው ባለቤት ያልከፈለው መዋጮ ቢኖር፥ በ1962ቱ ሕግ መሠረት ማኅበሩ ከአዲሱ ባለቤት ሊጠይቀው ይችላል። ስለዚህ ከቤቱ ጋራ የሌላውን ሰው ዕዳ አብሮ ላለመግዛት፥ ውዝፍ መኖሩንና አለመኖሩን በጽሑፍ ማስመስከር ያስፈልጋል።

የጎረቤቶች ስምምነት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ሁለት የቶኪዮ ሕንፃዎች ያስረዱናል። በ1956 የተሠራው ዮትሱያ ኮርፖራስ የሚባለው ባለ 5 ደርብ ሕንፃ 28 ቤቶች ነበሩት፤ በጃፓን በግል ድርጅት ተሠርተው በየቤቱ ለግለ ሰዎች ከተሸጡት የጋራ ሕንፃዎች የመጀመሪያው እንደ ሆነ ይነገርለታል። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የተሠራ ሕንፃ ነበር። ከ60 ዓመት በኋላ ባለቤቶቹ ተመካክረው አሮጌውን በ2017 አፈረሱ፤ በስፍራውም አዲስ ሕንፃ በ2019 ተሠርቶ ተፈጸመ፤ ከቀድሞዎቹ ባለቤቶች ብዙዎቹ ወደ አዲሱ ተመልሰው ገቡ።

ሁለተኛው ናካጊን ካፕሱል ታወር የሚባለው በ1972 በአርክቴክት ኪሾ ኩሮካዋ ፕላን የተሠራው ሕንፃ ነው። እንደ ሣጥን የተደረደሩ 140 ትንንሽ ክፍሎች ነበሩት፤ አሳቡም ክፍሎቹ በ25 ዓመት ያህል አንድ ጊዜ በአዲስ እንዲለወጡ ነበር። ዓለም ሁሉ ያደነቀው ሕንፃ ሆነ፤ ነገር ግን ክፍሎቹ አንድ ጊዜም ሳይለወጡ ቀሩ። ከባለቤቶቹ አንዳንዶቹ ይፈርስ ሲሉ ሌሎቹ ይጠበቅ ሲሉ ብዙ ዓመት አለፈ፤ ሕንፃው እያረጀ ሄዶ በ2022 ፈረሰ። የመጀመሪያው ሕንፃ ተራ፥ ሁለተኛው ዝነኛ ነበረ። ለባለቤቶቹ አዲስ ቤት ያተረፈው ግን ተራው ሕንፃ ነው።

አንድን ማንሽን አፍርሶ እንደ ገና ለመሥራት በቆየው ሕግ ከባለቤቶቹ አምስት እጅ አራቱ መስማማት ነበረባቸው። ይህ እጅግ ከባድ መሆኑ ስለ ታወቀ፥ በ2025 በወጣው ማሻሻያ ሕንፃው ለምድር መናወጥ የማይበረታና ይህን ለመሰለ አደጋ የተጋለጠ በሆነ ጊዜ አራት እጅ ሦስቱ እንዲበቃ ተደርጓል።

የመሬትና የውሃ ነገር

ቶኪዮ በመስከረም 1 ቀን 1923 በደረሰው ታላቅ የምድር መናወጥና ቃጠሎ የወደመች ከተማ ናት። ስለዚህ በዚያች ከተማ ቤት የሚገዛ ሰው አንድ ቀን አጥብቆ ሊያስታውስ ይገባዋል፤ እርሱም ሰኔ 1 ቀን 1981 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሕንፃ ፕላን የሚጸድቅበት ደንብ ጠንክሯል፤ ሕንፃው በጃፓን መለኪያ ከ6 ከፍተኛ እስከ 7 በሚደርስ መናወጥ እንኳ ፈርሶ ሰው እንዳይገድል ሆኖ እንዲሠራ ታዟል። በ1995 በኮቤ አካባቢ በደረሰው መናወጥ ክፉኛ የተጐዱት በተለይ በአሮጌው ደንብ የተሠሩት ሕንፃዎች ነበሩ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሕንፃው ያለቀበት ዓመት ሳይሆን ፕላኑ የጸደቀበት ቀን ነው። በ1982 ያለቀ ሕንፃ በአሮጌው ደንብ የጸደቀ ሊሆን ይችላልና።

የእሳት ኢንሹራንስም በምድር መናወጥ ምክንያት ለተነሣ ቃጠሎ አይከፍልም። ለዚህ የተለየ የምድር መናወጥ ኢንሹራንስ አለ፤ እርሱም ከእሳቱ ኢንሹራንስ ጋራ ተያይዞ የሚገባ ሲሆን፥ ልኩ የእሳቱን ከመቶ 30 እስከ 50 ነው። ስለ ሕንፃው የሚከፈለውም ከ50,000,000 የን አያልፍም።

ውሃውም ከመሬቱ አያንስም። በቶኪዮ ምሥራቅ በኩል ያሉት የሱሚዳ፥ የኮቶ፥ የአዳቺ፥ የካጹሺካና የኤዶጋዋ ወረዳዎች ዝቅተኛ መሬት ያላቸው ናቸው፤ አንዳንዱም ስፍራ ከባሕር ወለል በታች ነው። በቶኪዮ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከሁሉ ይልቅ የሚሰበሰቡበት ይኸው የካጹሺካ ወረዳ ስለሆነ፥ ጉዳዩ ወገኖቻችንን በቀጥታ ይነካል። እንዲህ ሲባል በዚያ ቤት አይገዛ ማለት አይደለም፤ ዘመድና የአገር ልጅ ባለበት መኖር ራሱ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ገዢው ስንተኛው ደርብ እንደ ሆነ፥ የጎርፍ ካርታው ምን እንደሚል፥ የመብራቱ ማከፋፈያ በምድር ቤት ወይም ከፍ ባለ ስፍራ መሆኑን ጠይቆ ሊያውቅ ይገባዋል። በ2019 ጥቅምት ወር በወረደው ከባድ ዝናብና ማዕበል ጊዜ፥ ከቶኪዮ አጠገብ ባለችው በካዋሳኪ ከተማ አንድ ረጅም ሕንፃ የምድር ቤቱ በውሃ ተሞልቶ መብራቱ ጠፋ፤ አሳንሰሩና ውሃውም ተቋረጠ። ውሃው በላይ ያሉትን ሰዎች ቤት አልነካም፤ ነገር ግን በከፍታ የኖሩት ሁሉ በደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ሰነበቱ።

ባልና ሚስት አስቀድመው ሊነጋገሩበት የሚገባ

ቤቱ በማን ስም ይመዝገብ? ይህ ጥያቄ ከውሉ በፊት እንጂ በኋላ የሚነሣ መሆን የለበትም። በጃፓን ሕግ ባልና ሚስት በየከፈሉት ልክ ድርሻቸውን ማስመዝገብ ይችላሉ። ሚስት ከዋጋው እኩሌታውን ከፍላ ቤቱ በባል ስም ብቻ ቢመዘገብ፥ ግብር ሰብሳቢው ለባልዋ ስጦታ እንደ ሰጠች ሊቈጥርና የስጦታ ግብር ሊያስከፍል ይችላል።

ብዙዎቹ ባንኮች ተበዳሪው የሕይወት ኢንሹራንስ እንዲገባ ያስገድዳሉ። ተበዳሪው ቢሞት ኢንሹራንሱ የቀረውን ዕዳ ይከፍላል፤ ቤቱም ለቤተ ሰቡ ነጻ ሆኖ ይቀራል። ነገር ግን ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው ለብቻ ተበድረው እንደ ሆነ፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰረዘው የሟቹ ዕዳ ብቻ ነው፤ በሕይወት ያለው የራሱን መክፈሉን ይቀጥላል። ስለ ውርስም የጃፓን ሕግ የሚያዘው፥ ሟቹ የየትኛው አገር ዜጋ ከሆነ በዚያው አገር ሕግ እንዲፈጸም ነው። ስለዚህ ለኢትዮጵያዊ ዜጋ የአገሩ የውርስ ሕግ ይጠየቃል፤ ከአገር ቤት የሚመጡ ወረቀቶችም ያስፈልጋሉ። ከ2024 ሚያዝያ 1 ቀን ጀምሮ ደግሞ ወራሹ መውረሱን ካወቀ በ3 ዓመት ውስጥ እንዲያስመዘግብ ግዴታ ሆኗል፤ ያለ በቂ ምክንያት ካላስመዘገበም እስከ 100,000 የን ሊቀጣ ይችላል። የጋብቻንና የልጆችን ልደት ምስክር ወረቀት አስተርጉሞ በአንድ ስፍራ ማስቀመጥ ለኀዘን ቀን የሚጠቅም ሥራ ነው።

ወደ አገር የመመለስ አሳብም ካለ፥ ቤቱን ለመሸጥ ጊዜውን መቍጠር ያስፈልጋል። በተሸጠበት ዓመት በጥር 1 ቀን ሲቈጠር ከ5 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ በእጅ የቆየ ቤት በትርፉ ላይ ከመቶ 39 ያህል ግብር ይከፈልበታል፤ ከ5 ዓመት በላይ የቆየ ግን ከመቶ 20 ያህል ነው። ባለቤቱ የኖረበት ቤት ሲሆን ደግሞ ከትርፉ እስከ 30,000,000 የን ድረስ ከግብር ነጻ የሚሆንበት ደንብ አለ።

መደምደሚያ

በምሳሌ ያቆምናቸው ባልና ሚስት ይህን ሁሉ ከመረመሩ በኋላ የወንዙን ቤት ትተው ሁለተኛውን ገዙ። ባል ስለ ወንዙ ጥቂት ቅር አለው፤ ነገር ግን የሁለተኛው ሕንፃ ፕላን ከ1981 በኋላ የጸደቀ፥ ትልቁ እድሳት በጊዜው የተደረገ፥ የማደሻው ሣጥን ያልጐደለ፥ በማኅበሩም ስብሰባ ባለቤቶቹ የሚገኙ መሆናቸውን የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ስለ መሰከረለት ልቡ ረጋ። ከመስኮት የሚታየው ወንዝ የሁሉ ነው፤ በስብሰባ ላይ የሚገኘው ጎረቤት ግን ዘወትር የማይገኝ ሀብት ነው።

በጃፓን አንድ መልካም ልማድ አለ። አዲስ ቤት የገባ ሰው በግራና በቀኝ፥ በላይና በታች ወዳሉት ጎረቤቶች ትንሽ ስጦታ ይዞ ሄዶ ሰላምታ ያቀርባል። የኢትዮጵያ ቤተ ሰብ ይህን ልማድ እንደ ባዕድ አይቈጥረውም፤ ከአገሩ የመጣ ጥቂት ቡና ይዞ የጎረቤቱን በር ቢያንኳኳ፥ የገዛውን ቤት የሚያጸናለትን የመጀመሪያ ሥራ ሠራ ማለት ነው። አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ማለታቸው ለመንደር ብቻ የተነገረ መስሎን ከሆነ፥ የዛሬው የከተማ ሕንፃ በውልና በሒሳብ አረጋግጦልናል።